ኩበቱ የማን ነው?

ወደ ጎንደር አራዳ ከሚገባው የአህያ ጭነት መካከል ኩበት አይጠፋም። እበቱ ከገለባ ጋር ታሽቶ፣ በእጅ ተጠፍጥፎ፣ በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ ደርቆ ይመጣል፤ ልብ ብሎ ላየው የጠፍጣፊዋ ጣቶች ምልክት እላዩ ላይ አለ። ምሁራን ባዮማስ የሚሉትን ነገር ወደ ነዳጅ መለወጥ ጎንደሬ ከማንም አልተማረም።

ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዘመን ከተማዋን ሲቆረቁሩ ነገሥታቱ ድንኳን እየነቀሉ መዞራቸው ቀረ። ሰፈሩ ሲነሣ የተጨፈጨፈው ደን እፎይ ይል ነበር፤ ግንብ ግን አይነቀልም። እንጨቱ እየራቀ ሲሄድ ምድጃው ወደ በረት የዞረ ይመስለኛል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አገር የገባው ባሕር ዛፍ ትንሽ አስተነፈሰ እንጂ ማሳው ማዳበሪያው የነበረውን እበት መልሶ አላገኘም።

ከነዳጅም አልፎ የኬሚካል ሥራ ነበረን፤ አረቄ ማውጣት። የዳጉሳው ጥንስስ እሳት ላይ ይጣዳል፣ የእንስራው አፍ በጭቃ ይመረጋል፣ እንፋሎቱም በሸምበቆ ወርዶ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተነከረ ዕቃ ጠብ ጠብ ይላል። ያ ጠብታ ኢታኖል ነው። ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ የሚያወጣው፣ በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 5 በመቶ ሆኖ ከቤንዚን ጋር መደባለቅ የጀመረውም ያው ነው። ለቤንዚን ግን ውኃ አልባ መሆን አለበት፤ ተራ ማጣራት 96 በመቶ ገደማ ሲደርስ ይቆማል፣ የቀረችውን ውኃ ማውጣት ሌላ ወጪ ነው። ደግሞ ሞላሰስ የስኳር ትራፊ ነው፤ ዳጉሳው ግን የሰው እህል። እሳቱስ ስንት እንጨት ይበላል? (ይህን አረቄ አውጪዋን አልጠይቅም።)

ወደ እበቱ ስንመለስ፣ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች እበትን ወደ ጋዝ የሚለውጥ 14,000 ማብላያ ለመሥራት ተነሥቶ ነበር፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ የተሠራው ከ8,000 ብዙም አላለፈም። ለእኔ ከሁሉም ብልህ የሆነው መንገድ ይሄ ነው፦ ጋዙ ለምድጃ፣ ዝቃጩ ለማሳ፣ ሁለቱም የየድርሻቸውን ያገኛሉ። ግን እበቱን የሚያህል ውኃ በየቀኑ ማን ይቅዳ? ጋዝ የሚሠሩት ተሕዋስያን 35 ዲግሪ አካባቢ ይወዳሉ፤ እንደ ደባርቅ ባለ ደጋ ግን ሌሊቱ ብርድ ነው። ከብቱም ቀኑን መስክ ላይ ስለሚውል እበቱ እዚያው ይቀራል።

የባዮጋዝ ነበልባል ለወጥና ለቡና አያንስም፤ ሰፊውን ምጣድ እኩል ማጋል ነው የሚቸግረው። ማብላያ ያለው ቤትም የእንጀራ ዕለት ኩበቱን ከጥግ ያወጣል።