መጋረጃውና ጉርሻው

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቻችንን ይዤ፣ ከዋሺንግተን ዲሲ ወጣ ብላ በምትገኘው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ገባሁ። አስተናጋጇ ለታናሹ ከፍ ያለውን የሕፃናት ወንበር አምጥታ ከመሶቡ ልታስጠጋው ሞከረች፤ መሶቡ ዝቅ ያለ፣ ወንበሩ ከፍ ያለ ነበርና ሕፃኑ ከሰገነት ላይ እንዳለ ሰው ገበታውን ቁልቁል እያየ ቀረ። ተሳስቀን ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት። ከጎናችን ብቻቸውን የተቀመጡ፣ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ይህን አይተው ፈገግ አሉ። ጥቂት ቆይተውም ከገበታቸው አልጫ በእንጀራ ጠቅልለው ወደ አራት ዓመቱ ልጄ ዘረጉ። «እንካ የኔ ጌታ፣ ጉረስ» አሉት።

ልጄ አፉን ግጥም አድርጎ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ጮክ ብሎም በእንግሊዝኛ፣ ሴትዮዋን እንደማናውቃቸው ነገረኝ።

ሕፃናት ማዋያው ያስተማረው ይህንኑ ነው፦ ከማያውቁት ሰው ምግብ አይቀበሉም፤ የጓደኛን ምሳም አይቀምሱም። አንዱን የሚያጠግበው ለውዝ ሌላውን ሕፃን ሊገድለው ስለሚችል ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም። እኔ ግን ያን ጊዜ ይህን ሁሉ አላሰብሁም። አፈርሁ፤ ልጁንም በሰው ፊት ተቆጣሁት። «ባህልህን አታውቅም?» አልሁት። እናቲቱ «ተወው ልጄ፣ ሕፃን አይደል?» ብለው ጉርሻውን ወደ ራሳቸው አፍ መለሱት። ልጄ ከዚያ ወዲያ አንድም ነገር አልቀመሰም።

ቤት ከገባን በኋላ የገዛ ጥያቄዬ ያዘኝ። ባህልህ ያልሁት የትኛውን ነው?

ታሪካችንን መለስ ብለን ብናይ፣ በሰው ፊት መብላት ለአያቶቻችን ቀላል ነገር አልነበረም። በአፄ ምኒልክ ግብር አዳራሽ ንጉሠ ነገሥቱ የሚመገቡት በመጋረጃ ተከልለው ነበር፤ መጋረጃው የሚገለጠው እርሳቸው ከበቃቸው በኋላ ነው፤ ከዚያም ሠራዊቱ በተራ በተራ እየገባ ግብሩን ይበላል። በየመኳንንቱ ቤትም የሚበላው ሰው በሸማ ይከለል ነበር። አንዱ ምክንያት ክብር ሲሆን ሌላው ፍርሃት ነው። የቡዳ ዓይን የሚያርፈው በሚበላ ሰው ላይ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ከሁሉ አብልጦ የሚሸሸገው ደግሞ ሕፃን ነበር። እናት ልጇን ስታጎርስ እንግዳ ሰው ከመጣ ጀርባዋን ታዞራለች፣ ወይም በነጠላዋ ትከልለዋለች።

በገንዘብ ገዝቶ በአደባባይ መብላትማ ጭራሹን አዲስ ነገር ነበር። እቴጌ ጣይቱ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ አዲስ አበባ ላይ ሲከፍቱ፣ ሰው ምግብ ገዝቶ መብላትን እንደ ነውር ቆጥሮ ሸሸ ይባላል። እንደሚተረከውም ንጉሡ መኳንንቱን ይዘው ሄደው፣ በልተውና ሒሳብ ከፍለው ባያሳዩ ኖሮ ገበያ ባልተገኘም ነበር። ያ ቤት በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ክፉኛ ተጎድቶ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን።

ልጆችስ? ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር ለገበታ አይቀርብም ነበር። እጅ ያስታጥባል፤ ኩራዝ ይዞ ይቆማል፤ አባት ሲጠግብ የተረፈውን ይበላል። አልፎ አልፎ የምትደርሰው ጉርሻ ጣፋጭ የምትሆነው ቆሞ ለሚጠብቅ ልጅ ስለነበር ነው።

ወደ አሜሪካ የተሰደደው ገበታ ደግሞ መጀመሪያ ልጅ አልነበረውም። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ትምህርት ላይ የነበሩት እዚሁ ቀሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግም በሱዳን በኩል የወጡትን ያመጣ ጀመር። በዋሺንግተን ከመጀመሪያዎቹ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ የሆነው፣ በወይዘሮ ደስታ ባይሩ ስም «ማማ ደስታ» የተባለው ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ተከፈተ። በ1980ዎቹም በአዳምስ ሞርጋን ሠፈር 18ኛው መንገድ ላይ እነ «ቀይ ባሕር» እና እነ «መስከረም» ተከተሉ። ወደ እነዚህ ቤቶች ይመጣ የነበረው ተማሪው፣ ባለ ታክሲው፣ ዘመዱን አገር ቤት ትቶ የመጣው ብቸኛ ሰውና በእጅ መብላት ያስደነቀው አሜሪካዊ ነበር። ማታ ማታ እናቱ የሌለችበት ሰው፣ እናቱን የሚያስታውሰውን ወጥ ፍለጋ ይገባል።

ቤተሰቡ እየቆየ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው ዲቪ ባለ ዕጣው የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን ይዞ እንዲመጣ ፈቀደ። ቤት ኪራይ ሲወደድም ሰዉ ከከተማው መሐል ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ወጣ፤ ምግብ ቤቱም ተከተለው። የማታው ቤት የእሑድ ቀትር ቤት ሆነ፤ በርበሬ የሌለበት አልጫ፣ ትርፍ ሳህንና ከፍ ያለው ወንበር ገቡበት። ኩራዝ ይይዝ የነበረው ልጅ ከአባቱ እኩል፣ እንዲያውም ከአባቱ ከፍ ብሎ፣ ገበታ ላይ ተቀመጠ።

እንግዲህ እኔ «ባህልህ» ብዬ የተቆጣሁለት ነገር፣ ማለትም ሕፃን በማያውቀው ሰው መሐል ተቀምጦ ከማያውቀው እጅ መጉረሱ፣ ስደት ራሱ የወለደው ነው። አገር ቤት ያች እናት ጎረቤት ወይም አክስት ይሆኑ ነበር እንጂ ባዳ አይሆኑም። እዚህ ግን የሚያጎርሱት የልጅ ልጅ ምናልባት ሩቅ ነው፤ እጃቸው የተዘረጋው ለዚያ ይሆናል። ልጄም አፉን ሲዘጋ ፈረንጅ ሆኖ አልነበረም። ከቅድመ አያቴ ጋር ቢገናኙ ኖሮ ከእኔ ይልቅ እርሷና እርሱ በተግባቡ ነበር፤ በነጠላዋ ከልላ «ደግ አደረግህ» ትለው ነበር።

ይህ ማለት ጉርሻው ይቅር ማለት አይደለም። ያ የተዘረጋ እጅ ባዶውን መመለሱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ነገር ግን ጉርሻ ትውውቅን ተከትሎ የሚመጣ ነው፤ እኔ ማስተዋወቁን ዘልዬ ለጉርሻው ተቆጣሁ። ተነስቼ «እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ይህ ልጄ ነው» ማለት የእኔ ፋንታ ነበር።

በሚመጣው እሑድ ወደዚያው ቤት እንሄዳለን። እናቲቱን ካገኘናቸው መጀመሪያ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ልጄ ደግሞ ስማቸውን ይጠይቃቸዋል፤ በአማርኛ እንዴት እንደሚጠይቅ ከትናንት ጀምሮ እየተለማመደ ነው።