ሞተርና ክረምት በትክል ድንጋይ ጎዳና

ክረምት በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የራሱ የሆነ ሥልጣን አለው። ወንዝ ሲሞላ፣ የዋልካው መሬት ሲጨቀይ፣ ጉም ተራራውን ሲያለብስ፣ ነጋዴ ጭነቱን ያራግፋል፤ ዘማች ድንኳኑን ይተክላል፤ ንጉሥም ይከትማል። ጎንደር ራሷ የዚህ ልማድ ልጅ ናት። ከሥፍራ ወደ ሥፍራ ይዘዋወር የነበረው ቤተ መንግሥት ዝናቡን ለማሳለፍ በእንፍራዝ፣ በጎርጎራና በደንቀዝ ሲከትም ኖሯል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ሲቆረቁሩ ግን የክረምት ማረፊያ የነበረው ሥፍራ የበጋም መኖሪያ፣ የመንግሥትም መናገሻ ሆነ። ስለሆነም ከተማይቱ ገና ስትመሠረት የሰው ልጅ ለወቅት የከፈለው ግብር ናት ለማለት ይቻላል።

ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ግን ይህን ግብር አልከፍልም የሚል እንግዳ ኃይል በቆላው በር በኩል መጣ። ይህም ኃይል ሞተር ነው።

የሞተርንና የወቅትን ትግል ለመረዳት ከሁሉ ይልቅ ሞተር ብስክሌትን መመልከት ይጠቅማል። ባለመኪናው ጣራና መስኮት አለው፤ ባለሞተር ብስክሌቱ ግን ዝናቡንም፣ ውርጩንም፣ ጭቃውንም በገላው ይቀበላል። ጀርመናዊው ጎትሊብ ዳይምለር በ1885 እ.ኤ.አ. ትንሽ ሞተር በእንጨት ብስክሌት ላይ ካሳረፈ ወዲህ፣ በዚህ መሣሪያ ብርድን ተቋቁሞ ረጅም መንገድ መጓዝ ለብዙ አውሮፓውያን የብርታት መለኪያ ሆኗል። በኢጣሊያ በ1921 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው የሞቶ ጉዚ ፋብሪካ ቤተሰብ አንዱ የሆነው ጁሴፔ ጉዚ፣ በ1928 እ.ኤ.አ. አዲስ የኋላ ሞላ የተገጠመላትን ሞተር ብስክሌት ለመፈተን ከኮሞ ሐይቅ ዳር ተነሥቶ እስከ አርክቲክ ክበብ ድረስ ወደ ኖርዌይ ሄዷል። መንገዱ ድንጋያማ፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነበር። ሰውየው የሄደው መሣሪያውንና ራሱን ሊፈትን ነው፤ የማንንም አገር ሊይዝ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መገንዘብ ያሻል። የአውሮፓ ክረምትና የእኛ ክረምት በስም እንጂ በግብር አይገናኙም። የሚላኖና የበርሊን ጎዳናዎች በበረዶ በሚሸፈኑባቸው በታኅሣሥና በጥር፣ በአርማጭሆ ሰማዩ የጠራ፣ መሬቱ የደረቀ፣ እህሉ በአውድማ ላይ ነው። እዚያ ብርድ የሚበረታበት ወራት እዚህ መንገድ የሚከፈትበት ነው። እዚያ ሙቀት በሚሆንበት በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ እዚህ ወንዙ በሩን ይዘጋል። የፋሺስት ኢጣሊያ የጦር መሪዎች ይህን ልዩነት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የዘመቱበት ችኮላም ከዚሁ የመነጨ ነው፤ ዝናብ ሳይጥል ጦርነቱን መጨረስ ነበረባቸው።

በዚያው ዓመት መጋቢት 11 ቀን፣ የፋሺስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ የነበረው አኪሌ ስታራቼ፣ ከሦስት ሺህ በላይ ሰው ያለበትን ፈጥኖ ደራሽ ጦር ይዞ ከተከዜ ማዶ ከኦም ሐጀር ተነሣ። ጦሩ በራስ ቁራቸው ላይ ላባ የሚሰኩት በርሳሊየሪዎችና ጥቁር ሸሚዞች የተቀላቀሉበት ሲሆን፣ በመቶ የሚቆጠሩ የጭነት መኪናዎችና ሞተር ብስክሌተኞች ነበሩት። መንገዱ ከሞቃቱ ቆላ ተነሥቶ በአርማጭሆ በኩል ወደ ትክል ድንጋይ ዳገት ይወጣል። ከዚያም ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት ጎንደር ይደርሳል። ጎዳና የሚባል ነገር ባልነበረበት ሥፍራ ቁጥቋጦው እየተመነጠረ፣ ድንጋዩ እየተነሣ፣ የወንዙ አፋፍ እየተቆረሰ መኪናው እንዲያልፍ ተደረገ። መጋቢት 23 ቀንም ስታራቼ ጎንደር ገባ። በዚያው በ1936 እ.ኤ.አ. “ግስጋሴ ወደ ጎንደር” ማለት የሆነ መጽሐፍ በስሙ ታትሞ ወጣ። ወሬው ሁሉ ስለ ፍጥነት ነበር።

ይሁንና ይህ ፍጥነት በምን ጊዜ እንደተገኘ መጽሐፉን ያደነቁት አልጠየቁም። መጋቢት የበጋ ማለቂያ ነው። ዋልካው እንደ ጡብ ደርቋል፤ ወንዙ ጎሎ አሸዋው ይታያል። ከዚህም በላይ ያን አገር ሊከላከል ይችል የነበረው ሠራዊት በሽሬ ጦርነት በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጭስ ተደብድቦ ተበታትኖ ነበር። ስታራቼ የተሻገረው በሩ ክፍት በነበረበት ሰዓት ነው። የኢትዮጵያ ወታደር በብረት ላይ ምን ማድረግ እንደሚችል ግን ከጥቂት ወራት በፊት፣ ታኅሣሥ 5 ቀን፣ በደምበጊና ታይቷል። በዚያ የራስ እምሩ ጦር፣ የደጃዝማች አያሌው ብሩም ሰዎች ባሉበት፣ የኢጣሊያን ትንንሽ ታንኮች በጠባቡ መተላለፊያ ከቦ ከጥቅም ውጭ አድርጓቸዋል።

ሞተር በተራው ለወቅት ግብር የከፈለበት ጊዜም ሩቅ አልነበረም። ወደ አዲስ አበባ ይገሠግሥ የነበረው የባዶልዮ የመኪና ሰልፍ በሚያዝያ ወር ጣርማ በር ላይ በተቆረጠ መንገድና በበልግ ዝናብ ጭቃ ተይዞ ቆመ። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ በየከተማው የሰፈረው ጦር እርስ በርሱ ተቆራረጠ። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ያጠቁት፣ ዝናቡ የጠላትን መንገድ ባዳከመበት በዚያ ወራት ነበር። በአርማጭሆም እንደ አሞራው ውብነህ ያሉ የጎንደር አርበኞች በአምስቱ ዓመት የታገሉበት ምድር ያው የስታራቼ መኪናዎች ያለፉበት ቆላና ደጋ ነው። የባላገሩ እግር ከጎማ ይዘገያል፤ ነገር ግን ጎማ የማይወጣውን ገደል ይወጣል፣ ጭቃም አያቆመውም።

በ1933 ዓ.ም. ነገሩ ተገላበጠ። አዲስ አበባ ነጻ ከወጣች በኋላም የጄኔራል ናዚ ጦር በጎንደር ዙሪያ መሽጎ ቀረ። ከምሽጎቹም አንዱ ይኸው ትክል ድንጋይ ነበረ። ከአሥመራ የሚመጣውን መንገድ በሊማሊሞ አናት ላይ የወልቀፊት ምሽግ ይዘጋዋል፤ ዝናቡ ደግሞ የቀረውን መንገድ ይዘጋል። በሞተር ተመክቶ የገባው ጦር አሁን ሕይወቱን የሚያራዝምለት ክረምት ሆነ። የእንግሊዝ መኪናዎች መሬቱ እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ወልቀፊት መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ቁልቋል በር ኅዳር 12 ቀን ወደቀ፤ አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ጎንደርን የያዙት ኅዳር 18 ቀን ነው። ክረምት ለማንም አያደላም፤ ለወራሪውም ለነጻ አውጪውም በሩን የሚከፍተው በራሱ ቀጠሮ ነው።

በዚያው ጥቅምትና ኅዳር፣ ከጎንደር እጅግ በራቀ ምድር፣ ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ወደ ሞስኮ ይገሠግሥ የነበረው የጀርመን ጦር ሞተር ብስክሌተኞችና መኪናዎች መጀመሪያ በሩሲያ የበልግ ጭቃ ተዋጡ፤ ቀጥሎም ውርጩ ያዛቸው። ያ ጦር በምዕራብ አውሮፓ ደልዳላ መንገዶች ላይ የፍጥነት ምሳሌ ሆኖ ነበር። የሩሲያ ወቅት ግን ዝናውን አላወቀለትም።

ከጦርነቱ በኋላ በአውሮፓ ሞተር ብስክሌትን በክረምት የመንዳት ልማድ ሌላ መልክ ያዘ። ጀርመናዊው ጋዜጠኛ ኤርንስት ሌቨርኩስ በጥር ወር 1956 እ.ኤ.አ. በሽቱትጋርት አጠገብ የጠራው ስብሰባ፣ “አረንጓዴው ዝሆን” ከተባለችው የዙንዳፕ ሞተር ብስክሌት ስሙን ወስዶ የዝሆኖች ስብሰባ ተባለ። በየዓመቱ ከየአገሩ የሚመጡ ተጓዦች በበረዶ ላይ ነድተው፣ በበረዶ ላይ ድንኳን ተክለው፣ እሳት ዙሪያ ሲሞቁ ያድራሉ። እነዚህ ሰዎች ክረምትን እናሸንፋለን ብለው አይወጡም፤ ልብሳቸውን ደርበው፣ ፍጥነታቸውን ቀንሰው፣ የመንገዱን ጠባይ አጥንተው ይሄዳሉ። የጎንደር ነጋዴ ተከዜ ዳር ቆሞ ውኃው እስኪጎድል የሚጠብቅበት ጥበብና የእነርሱ ጥበብ ሥሩ አንድ ነው።

ስታራቼ በሚያዝያ 1937 ዓ.ም. ሚላኖ ላይ በገዛ አገሩ ሰዎች እጅ ተገደለ። በፍጥነት የገሠገሠለት ግዛት ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ ፈርሷል። በወረራው ዘመን በሊማሊሞ ገደል ላይ የተቀየሰው ጠመዝማዛ መንገድ ግን ለባላገሩ ቀረ፤ ከመንገዱም ጋር ቃላቱ ቀሩ። መኪና፣ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒስታ የሚሉት ቃላት ዛሬ የአማርኛ ልጆች ናቸው። በዳገቱ ላይ ሲያቃስት የኖረው ትሬንታ ኳትሮ እንኳ ከወራሪ መሣሪያነት ወጥቶ እህልና ጨው ጫኝ ሆኗል። ሕዝብ የጠላቱን ብረት ተቀብሎ ለኑሮው አዋለው፤ የጠላቱን ትዕቢት ግን አልወረሰም።

የትክል ድንጋይ ስም የቆመ፣ የተተከለ ነገርን ያስባል። በአጠገቡ የንጉሥ ጓዝ፣ የነጋዴ በቅሎ፣ የስታራቼ ሞተር፣ የአርበኛ ባዶ እግር አልፏል። ፍጥነት ርቀትን ያሳጥራል፤ ወቅትን ግን አያዝም። ይህን ያወቀ ይከትማል፣ ይጠብቃል፣ በጊዜውም ይደርሳል።