የኤሌክትሮድ ጽናት ከፈሳሹ ነው

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ስለ ሊቲየም ባትሪ የሚነሣው ጥያቄ በአብዛኛው «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል?» የሚል ሆኗል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር ከፍ ብላ ለምትገኘው ብርዳማዋ የአርሲ ከተማ ሮቤ ግን መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው፤ በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል ያለው ፈሳሽ ከምን ተሠራ? ኤሌክትሮድ በራሱ ጽኑ ወይም ደካማ አይባልም፤ ጽናቱ የሚመዘነው ጨው ካሟሟለት ፈሳሽ ጋር ነው።

ለዚህ ከሁለት ተቀራራቢ አሟሚዎች የተሻለ ምስክር የለም። ፕሮፒሊን ካርቦኔት ከኢትሊን ካርቦኔት የሚለየው በአንድ የሜቲል ቅጥያ ብቻ ነው። ይሁንና የመጀመሪያው ከሊቲየም ጋር ተጣብቆ በአሉታዊው ኤሌክትሮድ የግራፋይት ንብርብሮች መካከል ይገባና እንደ ሽንኩርት ይልጠዋል። ሁለተኛው በመጀመሪያው ቻርጅ ራሱ ፈርሶ፣ ሊቲየምን የሚያሳልፍ አሟሚን ግን የሚያግድ ስስ ሽፋን በግራፋይቱ ላይ ያበጃል። ካናዳ ውስጥ ተመራማሪው ዳንና ባልደረቦቹ በ1990 እ.ኤ.አ. ይህን አሳዩ። ሶኒ በ1991 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው የሊቲየም አዮን ባትሪ ግን ገና በግራፋይት ሳይሆን ንብርብሩ በወጉ ባልተደረደረ ካርቦን የሚሠራ ነበር። የኢትሊን ካርቦኔት ችግር በ36 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚቀልጥ፣ ከዚያ በታች የሚረጋ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ እንደ ዳይሜቲል ካርቦኔት ካሉ ቀጫጭን አሟሚዎች ጋር ይደባለቃል። ብርዱ ሲበረታ ድብልቁ ይወፍራል፣ ሊቲየምም ከአሟሚው ለመላቀቅ ይዘገያል። በዚህ ጊዜ ቻርጁ ከፈጠነ ሊቲየሙ ወደ ግራፋይቱ መግባቱን ትቶ ላዩ ላይ ብረት ሆኖ ይለጠፋል።

«ሮቤ ኖርዌይ አይደለችም» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ሆኖም ጉዳቱን የሚወስነው ዲግሪው ብቻ ሳይሆን የቻርጁ ፍጥነት ጭምር ነው፤ ሌሊቱን ደጅ ያደረ፣ ማሞቂያ የሌለው የሞተር ሳይክል ባትሪ ማለዳ በፍጥነት ሲሞላ አደጋው ይጨምራል። ያው ባትሪ ወደ አዳማና ከዚያም ወደ አዋሽ ቆላ ሲወርድ ደግሞ ሙቀቱ ሽፋኑን እያፈረሰ ያሳድሰዋል፤ በእያንዳንዱ እድሳት ሊቲየም ይበላል። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ይህን ሁሉ ይፈታል የሚሉም አሉ። የዚህ ስም ግን የአዎንታዊው ኤሌክትሮድ ነው፤ በአሉታዊው በኩል ያለው አብዛኛውን ጊዜ ያው ግራፋይት ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ከአስመጪዎች የኪሎ ሜትር ቁጥር ብቻ አይቀበል፤ ባትሪው በብርድ ሲሞላና በሙቀት ሲቀመጥ ምን ያህል አቅም እንደሚያጣ የሚያሳይ የፍተሻ ሰነድም ይጠይቅ።