ኑዛዜው የዘለላት እናት

እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 1826። የ82 ዓመቱ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በሞንቲቼሎ ኮረብታ ላይ ባሠራው ቤቱ ተቀምጦ ከአንድ ቀን በፊት በጻፈው ኑዛዜ ላይ ተጨማሪ ቃል እያሰፈረ ነው። በወርቅ ያጌጠ ምርኩዙን ለወዳጁ ለጄምስ ማዲሰን ተናዘዘ። መጻሕፍቱን ለቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። ለልጅ ልጆቹ ለእያንዳንዳቸው የወርቅ ሰዓት ይድረሳቸው አለ። ከምርኩዙ፣ ከመጻሕፍቱና ከሰዓቶቹ ቀጥሎ የአምስት ሰዎች ስም ይመጣል፦ በርዌል፣ ጆን፣ ጆ፣ ማዲሰን፣ ኤስተን። አምስቱም ባሪያዎቹ ነበሩ። ነፃ ይውጡ ሲል ተናዘዘላቸው።

ኑዛዜው አምስቱ ሰዎች በምን እንደሚዛመዱ አይናገርም። ሐረጋቸውን ለቆጠረ ሰው ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ጆን የአንዲት ሴት ልጅ ነው፤ አራቱ ደግሞ የዚያችው ሴት የልጅ ልጆች ናቸው። ሴትየዋ ኤልሳቤጥ ሄሚንግስ ትባላለች። ቨርጂኒያ በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር በነበረችበት ዘመን፣ በ1735 ገደማ ተወልዳ በ1807 ሞታለች። ከልጆቿ፣ ከልጅ ልጆቿና ከልጅ ልጅ ልጆቿ መካከል ከ70 የሚበልጡት ሞንቲቼሎ ላይ በባርነት ኖረዋል። የዚህች እናት ቤተሰብ በሦስት የነጮች ኑዛዜ ውስጥ ያልፋል። አንዱ ዝም አለ፣ አንዱ ተናገረ፣ አንዱ ግማሹን ተናግሮ ግማሹን ዋጠው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስም የሚጻፈው ለንብረትነት

የቨርጂኒያ ምክር ቤት በ1662 ያወጣው ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ እንዲከተል ደነገገ። እናት ባሪያ ከሆነች አባት ማንም ይሁን ማን ልጁ ባሪያ ነው። ከዚያ ወዲያ የአባት ስም መጻፍ ለባለቤቱ ምንም የማይጠቅም ነገር ሆነ። ሰዎቹ በመዝገብ የሚታዩት ጌታቸው ሲሞት፣ ሲያገባ ወይም ዕዳ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ከፈረሱና ከአልጋው ጋር ይቆጠራሉ፤ ከስማቸው ጎን ዋጋቸው ይሰፍራል።

ለዚህ ነው ዛሬ ዘሩን የሚፈልግ ጥቁር አሜሪካዊ 1870 ላይ ሲደርስ ከግድግዳ ጋር የሚጋጨው። ከባርነት የወጡት ሰዎች በሙሉ በስማቸው የተመዘገቡበት የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የዚያ ዓመት ነው። በ1850 እና በ1860 በተደረጉት የባሪያ ቆጠራዎች የባለቤቱ ስም ይጻፋል፤ በሥሩ ላሉት ግን ዕድሜ፣ ፆታና የቆዳ ቀለም ብቻ ነው የሰፈረው። ግድግዳውን ለመሻገር የሚፈልግ ሰው የራሱን አያት ፍለጋ ትቶ የጌታዋን መፈለግ ግድ ይለዋል። ማን ነበር ባለቤቷ? መቼ ሞተ? ለማን ተናዘዘ? የቅድመ አያት ዱካ ያለው በባለቤቷ ወረቀት ውስጥ ነው።

ዝም ያለው ኑዛዜ

የኤልሳቤጥ ዱካ የሚጀምረው ከአንድ የጋብቻ ውል ነው። በ1746 ማርታ ኤፕስ የተባለች ወጣት ከእንግሊዝ የመጣውን ጠበቃና ባለ እርሻ ጆን ዌይልስን ስታገባ ይዛቸው ከሄደችው ባሪያዎች መካከል ትንሿ ኤልሳቤጥ ነበረች። ማርታ ብዙ አልቆየችም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተች። ዌይልስ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ አገባ፤ ሁለቱም ሚስቶቹ ሞቱበት። ከሦስተኛዋ ሞት በኋላ ከኤልሳቤጥ ስድስት ልጆች ወለደ፦ ሮበርት፣ ጄምስ፣ ቴኒያ፣ ክሪታ፣ ፒተር፣ በመጨረሻም ሳሊ።

ዌይልስ በሜይ 1773 ሞተ። ኑዛዜው ከሚስቶቹ ለወለዳቸው ሴቶች ልጆች ሀብት አከፋፈለ። ከኤልሳቤጥ የወለዳቸውን ስድስቱን ግን ልጆቼ አላለም፣ ነፃም አላወጣቸውም። እነሱም ራሳቸው ውርስ ሆኑ። የዌይልስ ታላቅ ልጅ ማርታ በ1772 ቶማስ ጀፈርሰንን አግብታ ነበርና ጀፈርሰን በሚስቱ በኩል 135 ሰዎችንና 11 ሺህ ኤከር መሬት ወረሰ። ከባዱ የዌይልስ ዕዳም አብሮ መጣ። ኤልሳቤጥና ልጆቿ ከ135ቱ መካከል ናቸው። የጀፈርሰን ሚስት የገዛ አባቷን ልጆች፣ እህቶቿንና ወንድሞቿን ወረሰች ማለት ነው።

ጀፈርሰን በ1774 በእርሻ መዝገቡ ላይ የሰዎቹን ስም በየመንደራቸው ከፋፍሎ በእጁ ጽፏል። መዝገቡ ዛሬም አለ። ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ እናትና ልጅ በተርታ ተደርድረዋል። ዌይልስ ይኖርበት በነበረው በቻርልስ ሲቲ ወረዳ ግን አብዛኛው የፍርድ ቤት መዝገብ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጠፍቷል። ቤተሰቡን እስከ ቅኝ ግዛቱ ዘመን ተከትሎ መውጣት የተቻለው የወራሹ መዝገብ በመትረፉ ነው።

የተናገረው ኑዛዜ

ሁለተኛው ኑዛዜ አጭር ታሪክ አለው፤ ዋጋው ግን ትልቅ ነው። የኤልሳቤጥ ታላቅ ልጅ ሜሪ ሻርሎትስቪል ከተማ ውስጥ ቶማስ ቤል ለተባለ ነጋዴ ተከራይታ ስትሠራ ከእርሱ ሁለት ልጆች ወለደች። በ1792 ቤል እሷንና ሁለቱን ልጆች ከጀፈርሰን ገዛቸው፤ እንደ ቤተሰብም አብረው ኖሩ። ቤል በ1800 ሲሞት ንብረቱን ለሜሪና ለሁለቱ ልጆች ተናዘዘ። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በዚያ ሕግ ሥር፣ አንድ ነጭ እንዲህ ማድረግ ይችል ነበር ማለት ነው። ዌይልስ ሌላ አማራጭ አልነበረውም ለሚል ሰው የቤል ወረቀት መልስ ነው።

ሜሪ ከዚያ በፊት የወለደቻቸው ልጆች ግን ከጀፈርሰን ዘንድ ቀሩ። ከእነሱ አንዱ ጆ ፎሴት ነው፤ በኋላ በጀፈርሰን ኑዛዜ ላይ ሦስተኛ ሆኖ የምናገኘው አንጥረኛ።

ግማሹን የተናገረው

ወደ 1826 እንመለስ። ጀፈርሰን ሲሞት ዕዳው ከ107 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። በተጨማሪው ኑዛዜ በርዌል ኮልበርት ነፃነትና 300 ዶላር ተሰጠው። አናጢው ጆን ሄሚንግስና አንጥረኛው ጆ ፎሴት ከአንድ ዓመት በኋላ ነፃ እንዲወጡ፣ የሥራ መሣሪያቸውንም እንዲወስዱ ተወሰነላቸው። ለሦስቱም ከአንድ ኤከር መሬት ጋር የግንድ ቤት እንዲሠራላቸው አዘዘ። ማዲሰንና ኤስተን ከአጎታቸው ከጆን ጋር እየሠሩ ቆይተው 21 ዓመት ሲሞላቸው ነፃ ይወጣሉ ይላል። በ1806 የወጣ ሕግ ነፃ የወጣ ጥቁር በ12 ወር ውስጥ ግዛቱን ለቆ እንዲሄድ ያስገድድ ነበርና፣ ጀፈርሰን አምስቱ ከየቤተሰባቸው እንዳይለዩ የቨርጂኒያን ምክር ቤት ፈቃድ ለመነ።

የማዲሰንና የኤስተን እናት ሳሊ ሄሚንግስ ናት። ስሟ በኑዛዜው የለም።

ሳሊ የዌይልስ የመጨረሻ ልጅ፣ የጀፈርሰን ሟች ሚስት የአባት ልጅ እህት ናት። በ1787፣ ገና በ14 ዓመቷ፣ የጀፈርሰንን ትንሽ ልጅ አጅባ ወደ ፓሪስ ሄደች። ጀፈርሰን እዚያ የአሜሪካ መልዕክተኛ ነበር፤ ሚስቱ ከሞተች አምስት ዓመት ሆኗት ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ነፃነቷን መጠየቅ ትችል ነበር። ልጇ ማዲሰን በ1873 ኦሃዮ ውስጥ ለሚታተም የአካባቢ ጋዜጣ ቃሉን ሲሰጥ እንደተናገረው እናቱ ወደ ቨርጂኒያ አልመለስም አለች። የተመለሰችው ጀፈርሰን የምትወልጃቸው ልጆች 21 ዓመት ሲሞላቸው ነፃ ይወጣሉ ብሎ ቃል ከገባላት በኋላ ነው።

አሁን ኑዛዜውን እንደገና እናንብበው። «21 ዓመት ሲሞላቸው» የሚለው ቃል በ1826 ተጽፏል፤ ማዲሰን ከእናቱ ሰምቶ ከ47 ዓመት በኋላ የተናገረውም ዕድሜ 21 ነው። ታላላቆቻቸው ቤቨርሊና ሃሪየት ደግሞ በ1822 ከሞንቲቼሎ ወጥተው ሄዱ፤ የተከተላቸው አልነበረም። ለአካለ መጠን የደረሱት አራቱም የሳሊ ልጆች ነፃ ወጡ። ከጀፈርሰን በመቶዎች የሚቆጠሩ ባሪያዎች መካከል ይህ የሆነላት ሌላ እናት የለችም። ወረቀቱ ምክንያቱን ደበቀ፤ ምክንያቱን የጠበቀው የእናት ቃል ነው።

ሳሊ በኑዛዜው ብትጠቀስ ኖሮ ስሟ ለምክር ቤት መቅረብ፣ አገር ሁሉ መስማት ነበረበት። የጀፈርሰን ልጅ በዝምታ አሰናበተቻት። ሻርሎትስቪል ውስጥ ከሁለቱ ልጆቿ ጋር ኖራ በ1835 ሞተች።

ኑዛዜው ያልጠቀሳቸው

ጀፈርሰን በሞተ በመንፈቁ፣ በጃንዋሪ 1827፣ ሞንቲቼሎ ላይ 130 ባሪያዎች በጨረታ እንደሚሸጡ ተነገረ። ጆ ፎሴት ለነፃነቱ ገና ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ሚስቱ ኢዲት ጀፈርሰን ፕሬዚዳንት በነበረበት ጊዜ ዋሽንግተን ቤተ መንግሥት ውስጥ የፈረንሳይ ምግብ አሠራር የተማረች ወጥ ቤት ናት። ኑዛዜው የባልን ስም ጠርቶ የሚስትንና የልጆቹን ስላልጠራ እነሱ ለጨረታ ቀረቡ። ልጁ ፒተር 11 ዓመቱ ነበር። አያታቸው ጀፈርሰን የወርቅ ሰዓት ከተናዘዘላቸው ልጆች ጋር በአንድ ግቢ ያደገው ይህ ልጅ ለሌላ ሰው ተሸጠ።

ጆ በአንጥረኝነቱ ገንዘብ አጠራቀመ፤ የቤል ኑዛዜ ቤት ያቆመላት እናቱ ሜሪም ከጎኑ ነበረች። በ1837 ሚስቱን፣ ከልጆቹ አምስቱንና አራት የልጅ ልጆቹን በሕግ ነፃ አወጣ። ፒተር ግን በባርነት ቀረ፤ ነፃ የወጣው በ1850 እንደገና ለጨረታ ሲቀርብ ነው። ከዚያ ወደ ሲንሲናቲ ሄዶ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆነ፤ ከባርነት የሚያመልጡ ሰዎችንም ረዳ። በ1900 በሽምግልናው ሞንቲቼሎን ተመልሶ ጎበኘ፤ በዓመቱ አረፈ።

ቃል፣ ወረቀት፣ ደም

ከመቶ ዓመት በላይ የማዲሰን ቃል አልታመነም። የጀፈርሰን የልጅ ልጆች የሳሊ ልጆች አባት የጀፈርሰን የእህት ልጆች፣ ካር የተባሉት፣ ናቸው ሲሉ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህንኑ ተቀበሉ። በ1997 የሕግ ምሁሯ አኔት ጎርደን-ሪድ ሁለቱንም ወገን እንደ ፍርድ ቤት ማስረጃ ጎን ለጎን አስቀምጣ መረመረች፤ የባሪያ ልጅ ቃል የተጣለው በማስረጃ ደካማነት ሳይሆን በተናጋሪው ማንነት መሆኑን አሳየች። በኖቬምበር 1998 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ የዘረ መል ጥናት ደግሞ በወንድ ሐረግ ከኤስተን የሚወለድ ሰው ከጀፈርሰን አጎት የወንድ ዘሮች ጋር አንድ መሆኑን አረጋገጠ። ከካር ዘሮች ጋር ግን አልገጠመም። የደም ምርመራው ብቻውን የሚያሳየው የኤስተን አባት ከጀፈርሰን ቤተሰብ ወንዶች አንዱ መሆኑን ነው። ከእርሻ መዝገቡ፣ ከኑዛዜውና ከማዲሰን ቃል ጋር ሲነበብ ግን ወደ አንድ ሰው ያመለክታል። ሞንቲቼሎን የሚያስተዳድረው ተቋምም በ2000 ይህንኑ ተቀበለ።

ሰባት ቤት ለሚቆጥር አንባቢ

እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት ቆጥረን ያደግን ሰዎች ነን። ለብዙዎቻችን የቅድመ አያት ስም ከአፍ የሚወጣ እንጂ ከመዝገብ የሚፈለግ አይደለም። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ግን ሁሉም አልታደለውም። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። የነዚያ ሰዎች ልጆች ዛሬም አሉ፤ ሐረጋቸው ሲቆጠር ሁለተኛውና ሦስተኛው ቤት ላይ የሚቆምባቸውም አሉ። በጎንደር ዘመን የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ሽያጭና ኑዛዜ ይጻፍ ነበር። በየቤቱ ሳጥን ውስጥም ቢጫ የሆነ የውርስ ወረቀት አይጠፋም። እነዚህን ስናነብ ማን ወረሰ ብለን ብቻ እናቆማለን። በዚያ ቤት እህል የፈጨችው፣ ልጅ ያሳደገችው ሴት ማን ነበረች? ወረቀቱ ካልጠራት የሚያስታውሳት ሽማግሌ አለ ወይ?

ሰሜን ቨርጂኒያ የምትኖሩ ወገኖች ከሞንቲቼሎ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ናችሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የሳሊ ታሪክ ከ2018 ጀምሮ እዚያው ግቢ ውስጥ በራሷ ክፍል ይነገራል። ስትመለሱ አገር ቤት ላሉት አያት ደውላችሁ የቤቱን ሰው ሁሉ ስም፣ የወረሰውንም ያልወረሰውንም፣ ጠይቁና ጻፉ። ማዲሰን ሄሚንግስ ለጋዜጣው በተናገረ በአራት ዓመቱ ሞቷል። ባይናገር ኖሮ የሚቀረን ወረቀቱ ብቻ ነበር፤ ወረቀቱ ደግሞ እናቱን አያውቃትም።