ልሂድ ወይስ ልቅር? የወረርሽኝ ዘመን መንገደኛ ከኅዳር 1911 እስከ ዘመነ ኮቪድ

በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ላንቻ በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ያለ ሰፈር ነው። ከለገሃር ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ ይወርድ የነበረው የምድር ባቡር ከዚህ አካባቢ ብዙም ሳይርቅ ያልፍ ነበር። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቀላሉ ባቡር በሰፈሩ ስም የሚጠራ ጣቢያ አለው፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም ቅርብ ነው። ነዋሪው ከመንገድ ጋር የኖረ በመሆኑ፣ ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር «ልሂድ ወይስ ልቅር?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያውና ወደ ሐኪሙ ክፍል ይዘልቃል። ይህ ጽሑፍ ጥያቄው ባለፉት መቶ ዓመታት እንዴት እንደተለወጠና ለጤና ባለሙያው ምን ትምህርት እንደተወ ይመለከታል።

ሐዲዱና የኅዳር በሽታ

የባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር። ቀድሞ በቅሎና ግመል ሳምንታት ይፈጁበት የነበረው የወደብና የመዲናዪቱ መንገድ ከዚያ ወዲህ ወደ ሦስት ቀን ያህል አጠረ። ለነጋዴው ታላቅ በረከት የሆነው ይህ ፍጥነት ለተላላፊ በሽታም ያንኑ ያህል ምቹ ነበር። በመርከብ ሳምንታት የተጓዘ ሕመምተኛ ከከተማ ሳይደርስ ወይ ይድናል ወይ ይሞታል፤ በሦስት ቀን የሚደርስ መንገደኛ ግን ሕመሙ ሳይገለጥበት ሊገባ ይችላል።

ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን መታ፤ ሕዝቡም «የኅዳር በሽታ» አለው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ እርሳቸው ራሳቸው በጽኑ ታመው እንደነበርና ከአሥር ሺህ በላይ ሰው እንዳለቀ ጽፈዋል። ኅዳር 12 ቀን በየዓመቱ ቆሻሻ እየተጠረገ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የተባለው ልማድም በሕዝብ ዘንድ ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ ይነገራል። የዚያን ጊዜ መንገደኛ የሚጠብቀው የምርመራ ወረቀትም ሆነ የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ደንብ ለኢንፍሉዌንዛ አልነበረም። ውሳኔው በራሱ ላይ ብቻ የወደቀ ነበር።

ከወሸባ እስከ ቢጫው ካርድ

መንገደኛን በወረርሽኝ ጊዜ አግዶ ማቆየት በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ያኔ ራጉዛ ትባል የነበረችው የአድሪያቲክ ወደብ እ.ኤ.አ. በ1377 ከወረርሽኝ አካባቢ የሚመጡትን 30 ቀን ታቆይ ነበር፤ ቀኑ ኋላ 40 ሆነ። በእኛም ዘንድ «ወሸባ» የሚለው ቃል በ2012 ዓ.ም. እንደገና በሁሉም አፍ ገባ። መንግሥታት ስለዚህ ጉዳይ በጋራ ለመምከር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰቡት እ.ኤ.አ. በ1851 በፓሪስ ነው። ከመነሻው የታየው ሙግት እስከ ዛሬ አልተፈታም፤ ይኸውም ጤናን መጠበቅና ንግድን አለማሰናከል እንዴት ይታረቃሉ የሚለው ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት የተተከለው ሥርዓት ለኢትዮጵያዊው መንገደኛ በቢጫ ካርድ ይታወቃል። ይህ ካርድ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ወደ 100,000 ሰው እንዳሳመመና ወደ 30,000 እንደገደለ ይገመታል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ የከፋው እርሱ ነው። ካርዱ መንገደኛው አስቀድሞ የሚያውቀው፣ በአንድ ክትባት የሚሟላ ግዴታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህም ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ሆኗል። ስለዚህ ለአንድ ትውልድ ያህል የጉዞ ጤና ማለት ቀድሞ የሚታወቅ ደንብ ማለት ነበር።

መጋቢት 2012

ይህን ልማድ ኮቪድ 19 አፈረሰው። የዓለም ጤና ድርጅት ጥር 21 ቀን 2012 ዓ.ም. አስቸኳይ የጤና ሁኔታ ባወጀ ጊዜ፣ ቀጥሎም በየካቲት ወር፣ የጉዞ ክልከላን አልመከረም። ትራፊክን በእጅጉ የሚያውክ እርምጃ ተገቢ ሊሆን የሚችለው በወረርሽኙ መጀመሪያ፣ ለመዘጋጀት ጊዜ ለማግኘት ብቻ እንደሆነ አስታውቆ ነበር። ብዙ መንግሥታት ግን በየራሳቸው ድንበራቸውን ዘጉ።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ተደረገ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የጃፓን ዜጋ ነበር። መጋቢት 11 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ 30 አገሮች የሚያደርገውን በረራ አቋረጠ። ከመጋቢት 14 ጀምሮ ማንኛውም ገቢ መንገደኛ በራሱ ወጪ ለ14 ቀን በሆቴል ተለይቶ እንዲቆይ ተወሰነ። በመጀመሪያ ከተመደቡት ሆቴሎች አንዱ በዚያው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለው ግዮን ነበር። የየብስ ድንበሮችም ተዘጉ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ።

ከዚህ በኋላ የመንገደኛው ጥያቄ ተለወጠ። ቀድሞ «እዚያ ብሄድ እታመማለሁን?» ይል የነበረው፣ አሁን «ብሄድ እመለሳለሁን? በስንት ቀን? በማን ወጪ?» ማለት ጀመረ። ለአሥር ቀን ዕረፍት የወጣ ሰው የ14 ቀን የሆቴል ሒሳብ ይጠብቀው ነበር፤ ፈቃዱ ያለቀበት ሠራተኛ ደግሞ ከሥራ ገበታው ይቀራል። ደንቡ በየሳምንቱ ሊለወጥ ስለሚችል ዛሬ የተቆረጠ ቲኬት ለነገ ዋስትና አልነበረም።

በዓልና ሃይማኖታዊ ጉዞ

ለብዙ ኢትዮጵያውያን የውጭ አገር ጉዞ መዝናኛ ሳይሆን ስለት ነው። ፋሲካን በኢየሩሳሌም ለማክበር ዓመታት ያጠራቀሙ ምእመናን በ2012 ዓ.ም. ቀሩ። እስራኤል ለውጭ ዜጎች በሯን ዘግታ ነበር፤ የጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያንም ከመጋቢት 16 ጀምሮ ለሕዝብ ተዘጋ። ሳዑዲ ዐረቢያም በየካቲት 19 ከውጭ ለሚመጡ የዑምራ ተጓዦች ፈቃድ መስጠቷን አቆመች፤ ሰኔ 15 ቀን ደግሞ የዚያ ዓመት ሐጅ በመንግሥቱ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ እንዲሆን ወሰነች። ከውጭ የሚመጡ ሐጃጆች የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል ዕድሜያቸው የገፋ ወይም ጤናቸው የከዳቸው አዛውንት ስለታቸውን ሳይፈጽሙ የመቅረት ሥጋት ነበረባቸው። ሐኪሙ በካርድ ላይ የማይጽፈው ሐዘን ይህ ነው።

ምርጫ ያልነበራቸው

ስለ ውሳኔ ሲነገር ውሳኔ ያልተሰጣቸውን መርሳት አይገባም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ከሳዑዲ ዐረቢያ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መመለሱ ለጊዜው እንዲቆም ጠይቋል። ተመላሾቹ በዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢዎችና በመሰል የመንግሥት ማቆያዎች አረፉ። የሆቴሉም ሆነ የማቆያው ዓላማ አንድ ነበር፤ ሆኖም አንዱ በከፈለበት ክፍል ብቻውን ሲቀመጥ ሌላው በጋራ መኝታ ሰነበተ። በበሽታው ፊት ሁሉም እኩል ተጋላጭ ቢሆን እንኳ፣ ራስን ለይቶ የመቆየት አቅም ግን እኩል አልነበረም።

የምስክር ወረቀት ወሰን

በኋላ የሆቴሉ ግዴታ ላልቶ፣ ከመድረሻ በፊት በ120 ሰዓት ውስጥ የተሰጠ የፒሲአር ውጤት ተጠየቀ። ለጤና ባለሙያው ይህ ወረቀት የሚናገረው ያለፈውን ነው። ቫይረሱ ምልክት ሳያሳይ በአማካይ አምስት ቀን፣ አልፎ አልፎም እስከ 14 ቀን ይቆያል። ናሙናው ከተወሰደ በኋላ የተያዘ ወይም በመሸሸጊያው ጊዜ ላይ ያለ ሰው ንጹሕ ወረቀት ይዞ ታሞ ሊደርስ ይችላል። ወረቀቱ ሥጋትን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

ክትባትም ሌላ ጥያቄ ወለደ። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቫክስ በኩል 2.184 ሚሊዮን የአስትራዜኔካ ክትባት አዲስ አበባ ገባ፤ ክትባቱም መጋቢት 4 ተጀመረ። ሆኖም የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ያስጀመረው የዲጂታል የምስክር ወረቀት በሕንድ የተመረተውን የዚህኑ ክትባት ዓይነት በቀጥታ አያካትትም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ክትባቱን አስቀድሞ ተቀብሎታል። አንድ ዓይነት ክትባት የወሰዱ ሁለት ሰዎች በተመረተበት አገር ምክንያት በድንበር ላይ የተለያየ ዋጋ ተሰጣቸው።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ሳይንቲስቶች ኦሚክሮን የተባለውን ዝርያ ፈጥነው ባሳወቁ ጊዜ ብዙ አገሮች በአካባቢው ላይ በር ዘጉ፤ በግልጽ መናገር ቅጣት ያስከተለ መሰለ። በዚያው ወቅት በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ታኅሣሥ 29 የሚውለውን ገና በአገራቸው እንዲያከብሩ ጥሪ ቀርቦላቸው ነበር። በታኅሣሥ አጋማሽና ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ የሚመዘገበው አዲስ ሕመምተኛ ቁጥር እጅግ አሻቅቧል። ቤተሰቡን ለዓመታት ያላየ ሰው በአንድ በኩል ናፍቆቱን፣ በሌላ በኩል ሊያቅፋቸው የሚሄድባቸውን አረጋውያን ወላጆቹን እያሰበ መወሰን ነበረበት።

ማጠቃለያ

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስቸኳይ ሁኔታው ማብቃቱን አስታወቀ። ጥያቄው ግን በሚቀጥለው ወረርሽኝ ተመልሶ ይመጣል። በ1911 መንገደኛውን ያስተማረው አልነበረም፤ በ2012 ግን ደንቡ በዝቶ ትርጓሜው አነሰ። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው የጤና ባለሙያው ነው።

በላንቻም ሆነ በሌላ ሰፈር ያለ ታካሚ «ልሂድ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ሂድ» ወይም «ቅር» ከማለት በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል፦ በመድረሻው ወይም በመንገድ ቢታመም ማን ያክመዋል? መመለሻው ቢዘጋ በምን ይኖራል? ሲመለስ በቤት የሚጠብቀው ደካማ ማን ነው? ከሦስቱ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይቀራል። በኅዳር 1911 ግን በሽታውን ይዞ የገባው መንገደኛ ማንም ይሁን፣ ዕዳውን የከፈሉት በቤታቸው የተቀመጡት ነበሩ።