የምግብ ስብጥር፦ ጎተራው ሲሞላ ገበታው ለምን ይሳሳል?

በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ምክርና በሥርዓተ ምግብ ሰነዶች ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ስያሜ አለ፤ «የምግብ ስብጥር» ይባላል። በእንግሊዝኛ «ዳይተሪ ዳይቨርሲቲ» ለሚባለው መለኪያ የተሰጠ አማርኛ ነው፤ «የአመጋገብ ስብጥር» የሚሉትም አሉ። የሚለካው ነገር ቀላል ነው፦ አንድ ሰው ባለፈው አንድ ቀንና ሌሊት ከስንት የተለያዩ የምግብ ምድቦች በላ? ቀድሞ የምናውቀው «የተመጣጠነ ምግብ» ስለ መጠንና ስለ ልክ ይናገራል፤ በገበሬ ጎጆ ውስጥ ግን ያለ ሚዛንና ያለ ቤተ ሙከራ ምጥጥኑን ማወቅ አይቻልም። ስብጥርን ግን እናቲቱን ትናንት ምን እንደበላች በመጠየቅ መቁጠር ይቻላል። ይህ ጥያቄ በአርሶ አደር መንደሮች ከኩንታል ቆጠራ እኩል ቦታ ሊሰጠው ይገባል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ፤ ምክንያቴንም ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

ከ15 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ምድቦቹ 10 ናቸው። እህል፣ ሥራሥርና ቆጮ ሁሉም በአንድ ምድብ ይገባሉ። ጥራጥሬ ለብቻው ነው፤ ተልባ፣ ኑግ፣ ሱፍና ለውዝ ለብቻቸው ናቸው። ወተት ከአይብና ከእርጎ ጋር አንድ ነው፤ ሥጋ ከዶሮና ከዓሣ ጋር አንድ ነው፤ እንቁላል ግን ራሱን ችሎ ይቆጠራል። ከዚያ እንደ ጎመን ያለ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል፣ እንደ ዱባ፣ ካሮትና የበሰለ ማንጎ ያለ በቫይታሚን ኤ የበለጸገ አትክልትና ፍራፍሬ፣ በመጨረሻም ሌሎች አትክልቶችና ሌሎች ፍራፍሬዎች ይከተላሉ። ከእነዚህ ቢያንስ አምስቱን የበላች ሴት ዝቅተኛውን ስብጥር አሟላች ይባላል። ቆጠራው በእኛ ገበታ ላይ ሲሞከር የሚያስደነግጥ ነገር ይወጣል። በስንዴ ዳቦ ቁርሷን የቀመሰች፣ በገብስ ቆሎ የዋለች፣ የበቆሎ ንፍሮ የበላችና በጤፍ እንጀራ ራቷን የበላች ሴት አራት ዓይነት እህል በልታለች፤ የተቆጠረላት ምድብ ግን አንድ ነው። እንጀራው የተበላበት ሽሮ ሁለተኛ ይሆናል። ወጡ ውስጥ የገባው ሽንኩርት ለእሷ ድርሻ 15 ግራም ካልሞላ ከቁጥር አይገባም። በርበሬው፣ ቡናው፣ ስኳሩና ዘይቱ አይቆጠሩም፤ ቅቤ እንኳ ከወተት ቢወጣም እንደ ቅባት ስለሚታይ ወተትን አይተካም። ሆዷ ጠግቧል፣ የበላችውም የራሷን ማሳ ምርት ነው፤ ስብጥሩ ግን ሁለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር የታየው በአማራ ክልል ሲሆን 46 በመቶ ነበር፤ የጤፉ፣ የስንዴውና የበቆሎው አገር ጎጃም ያለበት ክልል ነው። እምብዛም የማያርሰው የአዲስ አበባ ቁጥር 15 በመቶ ነበር። በዚያው ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት ውስጥ በወቅቱ የተቀመጠውን ዝቅተኛ ስብጥር፣ ማለትም ከሰባት ምድቦች አራቱን፣ ያገኙት 14 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። መቀንጨር ብዙ ምክንያት አለው፤ የውኃ ንጽሕና፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ የእናቲቱ ጤናና ዕድሜ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ ስድስት ወር ካለፈው በኋላ በአጥሚትና በሽሮ ፍትፍት ብቻ የሚያድግ ልጅ ብረት፣ ዚንክ፣ ቫይታሚን ኤና ጥራት ያለው ፕሮቲን ከየት ያመጣል? እህሉ ጉልበት ይሰጠዋል፤ አጥንትና አእምሮ የሚገነባበትን ግን አያሟላለትም። ችግሩን የበለጠ አደገኛ የሚያደርገው አለመታየቱ ነው። የመንደሩ ልጆች ሁሉ ከዕድሜያቸው በታች ካጠሩ አጭር የሚባል ልጅ አይኖርም፤ ወላጅም የሚጨነቅበት ምልክት አያገኝም።

እንግዲህ ምርት ሲጨምር ስብጥሩ ለምን አብሮ አይጨምርም? የግብርና ኤክስቴንሽናችን ለረጅም ጊዜ የተሠራው በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ የእህልን ምርት ለማሳደግ ነው። ይህ ብዙ ቤተሰብን ከረሃብ አውጥቷል፤ ዋጋውን ማሳነስ ነውር ነው። ነገር ግን አንድ ገበሬ ከጤፍ ላይ ስንዴና በቆሎ ቢጨምር የሰብሉ ዓይነት ሦስት ይሆናል፣ የገበታው ምድብ አንድ ላይ ይቆማል። እንቁላሉና ወተቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለጨው፣ ለደብተርና ለማዳበሪያ ዕዳ ተብሎ ወደ ገበያ ይወጣል። በኢትዮጵያ ገጠሮች የተሠሩ ጥናቶች ሁለት ነገር አሳይተዋል። ከገበያ ርቆ በሚኖር ቤተሰብ ውስጥ ልጁ የሚበላው ስብጥር በጓሮና በማሳ ላይ በሚመረተው ነገር ይወሰናል። የእናቲቱ የሥርዓተ ምግብ ዕውቀትም የልጁን ገበታ የሚያሻሽለው ገበያ ቅርብ ሲሆን ነው። ይህ ሁለተኛው ግኝት ሊጤን ይገባዋል፤ እንቁላል በማይሸጥበትና ዶሮ በሌለበት ቀበሌ «ለልጅሽ እንቁላል ስጪ» ማለት እናቲቱን ከማሳቀቅ አያልፍም። የአፈሩም ነገር አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2021 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በኢትዮጵያና በማላዊ የሚበቅል እህል የያዘው የዚንክ፣ የሴሊኒየምና የሌሎች ማዕድናት መጠን ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል። ከራሱ ማሳ ብቻ የሚበላ ቤተሰብ አፈሩ የጎደለውን ማዕድን ከሌላ ምግብ ካላገኘው ጉድለቱ የዕድሜ ልክ ይሆናል።

«ችግሩ ድህነት ነው፤ ገበሬው ሥጋና ወተት ጠልቶ መሰላችሁ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው እውነት አለው። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ የእህል ዋጋ፣ የኑሮ ውድነቱ ተቀንሶ ሲታይ፣ ብዙም ሳይንቀሳቀስ የእንስሳት ተዋጽኦ፣ የአትክልትና የፍራፍሬ ዋጋ ግን ጨምሯል። ስለዚህ በምክር ብቻ የሚፈታ ነገር አይደለም። ሆኖም ከአሥሩ ምድቦች ስንቶቹ ውድ እንደሆኑ ማየት ያስፈልጋል። የኮንሶ ገበሬ ሀብታም አይደለም፤ ግን የሽፈራው ዛፍ በደጁ ተክሎ ቅጠሉን ኩርኩፋ ከተባለው ምግቡ ጋር ዓመቱን ሙሉ ይበላል። ጎመን፣ ዱባና ፓፓያ የዕቃ ማጠቢያ ውኃ በሚደርስበት ጓሮ ይበቅላሉ። ድህነት በእውነት የሚይዘው እንቁላልን፣ ወተትንና ሥጋን ነው፤ የመንግሥትም ሆነ የለጋሾች ገንዘብ መግባት ያለበት እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጾምን ይመለከታል። ጾም የስብጥር ጠላት ተደርጎ ሲነገር እሰማለሁ፤ ፍርዱ የቸኮለ ይመስለኛል። የእንስሳት ምግብ ሲወጣ ከአሥሩ ሰባት ምድቦች ይቀራሉ፤ የተልባና የሱፍ ፍትፍት፣ ጎመንና የዱባ ወጥ ይበልጥ የሚሠሩትም በጾም ወራት ነው። ጉዳቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያለን ልጅ እንዲጾም አታስገድድም፤ ነገር ግን ትልልቆቹ በሚጾሙበት ቤት ዕቃ እንዳይነካካ ተብሎ ለሕፃኑ እንቁላል ሳይቀቀል፣ ወተት ሳይፈላ ይቀራል። ለዚህ መድኃኒቱ ለልጁ የተለየ አንድ ድስትና አንድ ማንኪያ፣ ይህንንም ከዐውደ ምሕረት የሚያስተምር ካህን ነው። ለነፍሰ ጡርና ለአጥቢ እናቶች ደግሞ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር የኖረ መንገድ ነው።

ባለሙያዎች ራሳቸው የሚያነሱት ሦስተኛ ተቃውሞ አለ፦ ስብጥር ምድብ ይቆጥራል እንጂ መጠን አይመዝንም። ትክክል ነው። አንዲት ሴት አምስት ምድብ በልታም ልትራብ ትችላለች፤ የአንድ ቀን ቆጠራም ስለ አንድ ሰው ጤና ብያኔ አይሰጥም። መለኪያው የተሠራው የአንድን ማኅበረሰብ ገበታ ለማየት ነው፤ በዚህ ደረጃ ግን ያገለግላል፣ የገጠር ባለሙያም በእርሳስና በወረቀት ሊሠራበት ይችላል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በኩል የራሷን የአመጋገብ መመሪያ አውጥታለች፤ በሰቆጣ ቃል ኪዳንም እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማስቀረት ቃል ገብታለች። ስለዚህ የቀበሌ የግብርና ባለሙያ ሆይ፣ በሚቀጥለው የመኸር ግምገማ «ስንት ኩንታል አገኛችሁ?» ብለህ ስትጨርስ «ትናንት ልጆቻችሁ ከስንት ምድብ በሉ?» ብለህ ጠይቅ፤ መልሱንም ከኩንታሉ ጎን መዝግብ።