የሳል ሽሮፑና የእኛ ጉበት

በ1898 የጀርመኑ ባየር ኩባንያ አዲስ የሳል መድኃኒት ገበያ ላይ አዋለ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጊዜው የሳንባ ነቀርሳና የሳንባ ምች ሕዝብ የሚፈጁበት ነበር። ሳል የሚያስታግስ ነገር ሲገኝ ሐኪሙም በሽተኛውም እፎይ አለ። ሱስ አያስይዝም ተብሎም ተወደሰ።

የመድኃኒቱ ስም ሄሮይን ነበር። አዎ፣ ያው ሄሮይን። ኩባንያው በ1913 ማምረቱን አቆመ። አሜሪካም በ1924 ከለከለችው።

ታላቅ ወንድሙ ግን ዛሬም አለ። ኮዴይን ይባላል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፒየር ሮቢኬ በ1832 ከኦፒየም ነጥሎ ያወጣው ነው። ከሞርፊን ይልቅ ለስላሳ ነው ስለተባለ በሐኪም ትእዛዝ በሚሰጡ የሳል ሽሮፖች ውስጥ ገብቶ ዘመናትን ተሻገረ።

ለስላሳነቱ ግን በጠጪው ጉበት ላይ የተመሠረተ ነው። ኮዴይን ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጉበት ጥቂቱን ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። ይህን የሚያደርግ ኢንዛይም አለ። የኢንዛይሙ ዘረመል ቅጂ የበዛበት ሰው ግን ብዙ ሞርፊን በፍጥነት ያመርታል። የጠጣው የታዘዘለትን ልክ ቢሆንም እንኳ።

በ2004 የጄኔቫ ሐኪሞች ያሳተሙት ዘገባ ይህንኑ አሳየ። የ62 ዓመት አዛውንት ለሳል የተለመደው መጠን ኮዴይን ታዘዘላቸው። በአራተኛው ቀን ራሳቸውን ሳቱ። የዳኑት ሞርፊንን በሚያረክስ መድኃኒት ነው። የኩላሊታቸው መድከምና አብረው የወሰዷቸው መድኃኒቶች ነገሩን አባብሰውታል፤ ሲመረመሩ ግን የዚያ ዘረመል ቅጂ የበዛባቸው ሆነው ተገኙ።

ይህ እኛን ምን አገባን? በደንብ ያገባናል። በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ የኢትዮጵያውያንን ዘረመል መርምረው አንድ ጥናት አወጡ። ከ100 ሰው 29ኙ የዚህ ዘረመል ቅጂ የበዛበት ነበር። በስዊድናውያን ዘንድ ከ100 አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። 29ኙ ሁሉ ይመረዛሉ ማለት አይደለም። ነገር ግን “የተለመደ መጠን” የሚባለው ለብዙዎቻችን የተለመደ ላይሆን ይችላል።

ዓለም ቀስ እያለ ነቃ። በ2015 የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣን ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ሳል እንዳይሰጥ ወሰነ። በ2018 አሜሪካ እነዚህን የሳል መድኃኒቶች ከ18 ዓመት በላይ ላሉ ብቻ አደረገች። አሜሪካ ውስጥ ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣው ወረቀት ቀድሞ ኢትዮጵያውያንን በስም ይጠቅስ ነበር። እኛ ግን ስንቶቻችን ሰምተናል?

እኛ ዘንድ የተረፈ ሽሮፕ ለጎረቤት ይሰጣል። “እኔን አሽሎኛል፣ አንቺም ሞክሪው” እንባባላለን። ከውጭ ዘመድ በሻንጣ ያመጣውማ ይበልጥ ይታመናል። ደግነት ነው፤ ግን ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሳል ሽሮፕ ሲታዘዝላችሁ “ኮዴይን አለበት ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ። ካለበት ለልጅ አትስጡ። የምታጠባ እናት አትውሰድ። ከአልኮልና ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር አታገናኙት። ጠጥታችሁ መኪና አትንዱ። በወጥ ማንኪያ ሳይሆን አብሮት በመጣው መለኪያ ለኩ። ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀትና መጠነኛ ድብታ የተለመዱ ናቸው። ሰውየው አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ ለሐኪማችሁ ትውልዳችሁን ንገሩ። መረጃው የወጣው በ1996 ነው። የተገኘው ከእኛው ደም ነው፤ እኛው ዘንድ ሊደርስ ይገባል።